ከክንፏ ጀርባ ያለው ቅርንጫፍ

ቅዳሜ፣ መስከረም 5

ዝናቡ ጠዋት አባራ። ከባለቤቴ ጋር ፓርክ ሄድን። እሷ መረቧንና ማጉያ መነጽሯን፣ እኔ ካሜራዬን ይዤ። ከተጋባን ጀምሮ ቅዳሜያችን ይሄው ነው። ሰው ቅዳሜ ልብሱን ያጥባል፣ እኛ ቢራቢሮ እናባርራለን። ጎረቤቶቻችን ለይቶላቸዋል ይሉናል አሉ። ይበሉ።

ሰማያዊዋን አገኘናት። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። እሾሃማው ቁጥቋጦ ላይ ክንፏን ገጥማ ፀሐይ ትሞቃለች። በሆዴ ተሳብኩ። የሌንሱን ቀዳዳ በደንብ ከፈትኩት... ኤፍ 4። ፎከሱን ዓይኗ ላይ አሳረፍኩ። ዓይኗ ጥርት! ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደ ጭስ ጠፋ። ቅጠሉ፣ እሾሁ፣ የራሷም ክንፍ ጫፍ። እንዲህ ስትሆን ነው የምወዳት።

ለባለቤቴ አሳየኋት። «ቆንጆ ናት... ግን» አለች። ግን! እሷ የምትፈልገው ከአንቴናዋ ጫፍ እስከ ክንፏ ጠርዝ ያለው ነጥብ ሁሉ እንዲታይ ነው። «በነጥቦቹ ነው ከዘመዶቿ የምትለየው። ነጥቡ ካልታየ ለመጽሐፉ ምን ይረባኛል?»

«ዓይኗን እዪው እንጂ!» አልኳት።

«ዓይን ሁሉም አላቸው» አለችኝ።

ዓይን ሁሉም አላቸው። እሺ ዶክተር።

ማክሰኞ፣ መስከረም 8

ፎቶ ቤት። ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ። አንዱ ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርጎ መጣ። «ከደረት በታች አይታይም አይደል ጋሼ?» አለኝ። አይታይም አልኩት። የሆነ ሰው እንኳ ፍሬሙን ተረድቶልኛል።

መጽሐፉ ጥቅምት መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። የአካባቢው ቢራቢሮዎች ሁሉ ያሉበት። እሷ ጽሑፉን፣ እኔ ፎቶውን። «የሁለታችን ልጅ ነው» ስትል ነው የኖረችው። ሽፋኑ ደግሞ ሰማያዊዋ ናት፣ ያ ቁርጥ ነው። የማን ፎቶ የሚለው ነው የቀረው። የማን ይሆናል ታዲያ? ስንት ቅዳሜ ጭቃ ላይ የተንከባለልኩት ለማን ነው?

ይሄን ሽፋን ካልያዝኩ እኔ ጉርድ ፎቶ አንሺ ነኝ። በቃ።

ሐሙስ፣ መስከረም 10

አብሯት ቢራቢሮ የሚያጠናው ጎረምሳ እራት መጣ። ኮምፒውተሩን ሳህኑ አጠገብ ዘረጋው። ቢራቢሮዎቹን ፍሪጅ ውስጥ ያስገባቸዋል! ሲቀዘቅዙ አይንቀሳቀሱም። ከዚያ ፎከሱን በፀጉር ስፋት እያንቀሳቀሰ ደጋግሞ ያነሳቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ከየፎቶው ጥርት ያለውን እየለቀመ አንድ ያደርገዋል። አንቴናው ጥርት። እግሩ ጥርት። የሆዱ ፀጉር ሳይቀር ጥርት። የሬሳ ፎቶ ይመስላል።

«ጋሼ፣ አይሞቱም እኮ። ትንሽ ሲሞቃቸው ብር ብለው ይሄዳሉ» አለኝ።

«አንተንስ ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ ባወጣህ ብር ትላለህ?»

ልጁ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ፍሪጁ ነው።

ሰማያዊዋን እስካሁን አልያዛትም፤ ሰው ሲቀርባት ቶሎ ትነሳለች። ከያዛት ግን... ሳህን ስናነሳ ባለቤቴ «እሱ ካገኛት ሽፋኑን ከሱ ብንወስድ ቅር ይልሃል?» አለችኝ። ቅር ይልሃል! የሰው ጉበት ቆርጠህ በልተህ ቅር ይልሃል ወይ እንደማለት። ሳህኑን አጠብኩ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 12

እሺ፣ ሁሉ ነገር ይታይ ካሉ ይታይላቸው። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው አጠበብኩት። ኤፍ 32። ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ጨመረ፣ እውነት ነው... ግን ሁሉም ነገር እኩል ፈዘዝ አለ። ቀዳዳው ከልክ በላይ ሲጠብ ብርሃኑ ይበተናል፤ ይሄን ጀማሪ ሆኜ ነው የማውቀው። ምን ነካኝ? ብርሃንም አነሰኝ። ፍላሽ ስጨምር ጀርባው ድቅድቅ ጥቁር ሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ ሌሊት ሆነልኝ። ትንሽ ነፋስ ስትመጣ ደግሞ ቅርንጫፉ ይወዛወዛል፣ ሰማያዊዋም አብራ።

ከቁጥቋጦው ወዲያ ባለቤቴና ፍሪጁ ቅጠል እየገለበጡ ይንሾካሾካሉ። ምን አገኙ? አልጠየቅኩም። እነሱም አልነገሩኝም።

መኪና ውስጥ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ተኮራረፍን።

ረቡዕ፣ መስከረም 16

አገኘሁት! ዝም ብዬ ቀዳዳውን ስከፍትና ስዘጋ ነበር፤ ነገሩ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። ፎቶ ቤት ውስጥ አንድ ፖስት ካርድ አቁሜ ሞከርኩ። ካርዱ ትንሽ ዘወር ካለ ግማሹ ይደበዝዛል። ካሜራው ከካርዱ ጋር ፊት ለፊት ልክ ከተገጠመ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥርት። ሰማያዊዋም ክንፏን ስትገጥም ካርድ ማለት ናት። እኔ ከጎን፣ ልክ በትከሻዋ ትይዩ... ክንፏ ሙሉ ይገባል። እግሯና አንቴናዋ እንዲገቡ ኤፍ 16 ይበቃል። ያለ ፍሪጅ! በሕይወቷ!

አንድ ችግር ብቻ አለ። በኤፍ 16 ጀርባዋ አይጠፋም። ከኋላ ያለው ጭራሮ፣ ቅጠል፣ እሾህ ሁሉ ጣልቃ ይገባል። ነጥቦቿ ከቅጠሉ ጋር ይቀላቀላሉ።

ቆይ፣ እሱንም እናስብበታለን።

ሐሙስ፣ መስከረም 17

አሁንም እንደተኳረፍን ነን። እራት ላይ ስለዚያ ቁጥቋጦ ስታወራ ነበር፣ እጇን እያወናጨፈች። ስለ ፍሪጁም የሆነ ነገር አለች። አልሰማኋትም። ሆን ብዬ ነው ያልሰማኋት። ሰሞኑን ለሱ ሹክ የምትለውን አሁን ለእኔ ብታወራው ምን ዋጋ አለው?

«ሰማኸኝ?» አለች።

«እህ» አልኳት። ስለ ጀርባው እያሰብኩ ነበር።

ዓርብ፣ መስከረም 18

ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ብቻዬን ሄድኩ። ሰማያዊዋ ፀሐይ ስትወጣ ሁልጊዜ የእሾሃማው ቁጥቋጦ አንድ ግንድ ላይ ናት፣ ያንን አውቃለሁ። ከመምጣቷ በፊት ቦታውን አዘጋጀሁላት። ከግንዱ ወደ ኋላ የወጣ ቅጠላም ቅርንጫፍ ነበር፣ ልክ ከክንፏ ጀርባ የሚውል። በጉርድ ፎቶ መቁረጫ መቀሴ ቆረጥኩት። ከሥሩ ያሉትንም ጨምሬ። አንዱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ የማን ጨዋታ እንደሆነ እንጃ፣ ካሜራ ላይ ቀይ ነገር ደግሞ ዓይን ይወጋል። አነሳሁት። የቆረጥኩትን ሰብስቤ በሩ ጋ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጨመርኩ። ንጹሕ ሠራተኛ ነኝ።

መጣች! ክንፏን ገጠመች። ትንፋሼን ያዝኩ። ትይዩ... ኤፍ 16... ነፋሱም ቆመልኝ። ከአንቴናዋ እስከ ክንፏ ጠርዝ እያንዳንዱ ነጥብ ተቆጥሮ ይታያል። ዓይኗም አለ፣ ብርሃን ገብቶበታል። ጀርባው ደግሞ እንደ ግድግዳ ንጹሕ።

ሜዳው ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። አትክልተኛው ከሩቅ አይቶኝ እጁን አወዛወዘልኝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 19

ጠዋት ቁርስ ላይ አሳየኋት። አፏን በእጇ ያዘች። «በሕይወቷ? ሳትቀዘቅዝ?» አለች። አቀፈችኝ። «ሽፋኑ ይቺ ናት፣ አለቀ!» ኩርፊያው ሁሉ ብን አለ። ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ሞኝ ነኝ! ቀኑን እዚያ ላይ ባቆመው ኖሮ...

ፓርክ ደረስን። ፍሪጁ ቀድሞን ቁጥቋጦው ሥር ተንበርክኳል። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዶክተር... የለም» አለ።

እንቁላል። ሰማያዊዋ የጣለችው። ቅጠሉ ሥር፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ። የዚች ቢራቢሮ እንቁላልና አባጨጓሬ እስከ ዛሬ በማንም አልታየም፤ ባለቤቴ ወጣት ሆና ጀምራ ስትፈልገው የኖረችው ነው። ባለፈው ቅዳሜ አገኙት። ቅርንጫፉን በቀይ ክር ምልክት አደረጉበት። አባጨጓሬው ሊፈለፈል ቀናት ነበር የቀረው።

እሷ ጮኸች... እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ማነው የቆረጠው? ማነው?»

«አትክልተኛው ይሆናል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ገንዳውን ሄጄ አየሁት። ጠዋት ተደፍቷል።

ሰኞ፣ መስከረም 21

የፓርኩ ኃላፊ ቢሮ። ባለቤቴ፣ ፍሪጁ፣ እኔ፣ አትክልተኛው። ሰውየው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። «እናቴ ትሙት አልነካሁም! እዚያ ቁጥቋጦ ዘንድ መቀስ ይዤ ደርሼም አላውቅ!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ያውቁኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ያዩኛል። ይንገሯቸው እስቲ።»

ምን አልኩ? «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

ዓርብ ዕለት እንዳየኝ ትዝ ሳይለው ቀርቶ ነው? ወይስ ትዝ ብሎት ዝም አለ? ከአትክልት ሥራው አንስተው በር ጠባቂ አደረጉት።

ልነግራት ነው። ዛሬ አልነግራትም። አሁን ብነግራት ፎቶውን ትቀደዋለች። መጽሐፉ ይውጣ፣ ከዚያ እነግራታለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3

እንቁላል ፍለጋ። ቁጥቋጦ ሁሉ ተገለበጠ፣ ቅጠል በቅጠል። የለም። ሰማያዊዋም ጠፍታለች፣ ወቅቷ አለፈ። ፍሪጁ እጁን እሾህ በጫጭቆት ነበር፣ አንድም ቃል አላማረረም። ጥሩ ልጅ ነው፣ ይበለኝ። ፍሪጅ ያስገባቸው ሁሉ በረው ሄደዋል። እኔ ነኝ...

ስንገባ በሩ ላይ አትክልተኛውን አለፍነው። ባለቤቴ ፊቷን አዞረችበት። እሱ ለእኔ ሰላምታ ሰጠኝ።

እቤት ስንደርስ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፈተች። ውኃው እየፈሰሰ ስታለቅስ ይሰማል። በሩ ጋ ቆምኩ። እጄን አንስቼ ሳላንኳኳ መለስኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ማተሚያ ቤት። ሽፋኑን የምትሠራው ልጅ ፎቶዬን ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ ዘረጋችው። «ወይ ጉድ! እንዴት ነው የጠራው? እያንዳንዱ ነገር ይታያል እኮ!» እያለች አጎላችው። ክንፏን። አንቴናዋን። ከዚያ ወደ እግሯ ወረደች።

ግንዱ ላይ፣ ልክ ከእግሯ ጀርባ፣ የተቆረጠ ጉቶ። ትኩስ፣ ነጭ፣ ገና እርጥብ። ከጉቶው ሥር ደግሞ እሾህ የያዘው የቀይ ክር ቁራጭ። ክሩን ስነጥቀው የቀረ መሆን አለበት። የካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አላየሁትም ነበር። ኤፍ 4 ላይ ብሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጭስ ነበር።

ልጅቷ «ይሄን ቀይ ነገር ላጥፋው?» አለች።

አጠገቤ የነበረችው ባለቤቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ወደ እኔ ግን አልዞረችም። «ተይው፣ እንዳለ ይሁን» አለች። ድምጿ ምንም አይልም። ስለ ፊደሉ መጠን ማውራት ቀጠለች።

 

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ቁርስ ላይ ተናገረች።

«ነግሬህ ነበር። እራት ላይ። ቅርንጫፉን፣ ክሩን፣ ሁሉንም።»

«አልሰማሁም።»

«እንዳልሰማህ አውቃለሁ። እያየሁህ ነበር እኮ። ይኮርፍ፣ ቅዳሜ ራሱ ያየዋል ብዬ ተውኩህ። እዚያ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሳታውቅ ቆረጥክ፣ እሺ። ይሄ ያጋጥማል። ግን ቅዳሜ ዕለት ስጮህ አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

ሽፋኑ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነው አልኳት። እውነቱን ነው የነገርኳት። በምንም ነገር አልደነገጠችም፣ በዚህ ግን ደነገጠች።

«ሽፋኑ ያንተ ነው» አለች። «ሌላ ፎቶ የለንም። መጽሐፉን አላበላሽም። ለአትክልተኛው ግን አንተ ነህ የምትነግረው። ለኃላፊውም። እኔ አልነግርልህም።»

እነግራለሁ አልኩ። ማልኩላት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ፓርክ ሄድኩ። በር ላይ ሌላ ሰው። ያኛውስ? «እሱማ ሄደ። መቀስ ይዤ ያረጀሁ ሰውዬ በር ላይ ቆሜ መኪና አልቆጥርም ብሎ ጥሎ ወጣ» አለኝ። ወዴት? «እንጃ። ልጁ ጋ ይሆናል። ለማንም አልነገረም።»

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሰውየው ስልክ ያወራል። ትንሽ ጠበቅኩ። አትክልተኛው የለ፣ አሁን ብናገርስ ለማን ይጠቅማል? ተመለስኩ።

ለባለቤቴ «የለም፣ ሄዷል» አልኳት። እውነት ነው፣ ሄዷል። «ለኃላፊውስ?» ስትል «ነግሬዋለሁ» አልኳት። አፌ ላይ ሲመጣ እንኳ አልተደናቀፈም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

የመጽሐፉ ምረቃ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሽፋኑን በትልቁ አሳትመው መድረክ ላይ ሰቅለውታል። ያምራል። እውነቱን ልናገር... በጣም ያምራል። ስሜ ከሥሩ።

መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሰማያዊዋ በሚያወራው ገጽ ላይ ባዶ ፍሬም አለ። «እንቁላልና አባጨጓሬ፦ ፎቶ አልተገኘም» ይላል። ማን እንዳጠፋው አልጻፈችም። ገልብጬ አለፍኩት።

ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። አንዲት ወጣት ካሜራ አንግታ ተነሳች። «ጋሼ፣ ቅርብ ሆኖ ሁሉም ነገር ጥርት ሲል ጀርባው ይረብሻል። እኛ ሁልጊዜ የምንቸገረው በዚህ ነው። እርስዎ ጀርባውን እንዴት እንዲህ አጸዱት?»

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። የፓርኩ ኃላፊ ፊት ወንበር ላይ ነው። አልዞርኩም፣ ግን እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ነው፣ አልኩ በሆዴ። አንድ ቃል ነው። ቆረጥኩት። አንድ ቃል!

ማይክራፎኑን ጠጋ አደረግኩት።

«በትዕግሥት» አልኩ። «ነፋሱም ብርሃኑም የሚስማሙበትን ጊዜ መጠበቅ ነው። ቢራቢሮዋ ራሷ ቦታ ትመርጥልሻለች።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ፍሪጁ ሳይቀር ከኋላ ቆሞ አጨበጨበልኝ፣ ምንም የሚያውቀው የለም። ባለቤቴም አጨበጨበች። እያጨበጨበች ታየኝ ነበር፣ ልክ እኔ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣን ሰው እንደማየው።

ስንወጣ ኃላፊው እጄን ጨበጠ። ባለቤቴ «ስለ አትክልተኛው የነገረህ ነገር አለ?» አለችው። «አይ... ምን?» አለ ሰውየው። ቀለል አድርጋ «ምንም፣ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ» አለችው።

ውሸታም። ፈሪ። ስጽፈው ቀላል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ጠዋት ተነስታ ስትለብስ ነቃሁ። ሁለት ሌሊት ሳሎን ነው ያደረችው፣ ልብሷን ልታወጣ ነበር የመጣችው። የሜዳ ጫማዋን አደረገች። ፍሪጁ ከውጭ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ኃላፊው ጋ፣ ከዚያ ወደ አትክልተኛው ልጅ ቤት እንደሚሄዱ ነገረችኝ፤ አድራሻውን አፈላልጋ አግኝታዋለች። እኔ ያልፈለግኩትን።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ «ልምጣ?» አልኳት።

ጫማዋን አስራ ጨረሰች። ቀና ብላ አየችኝ። አትቆጣም፣ አታለቅስም፣ አትሳደብም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

«መጥተህ ምን ልታደርግ?» አለች።

የእውነት ነው የጠየቀችኝ። መልሴን ቆማ ጠበቀች። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ በሩንም የተኛ ሰው እንዳይቀሰቀስ እንደሚዘጋ ሰው ቀስ አድርጋ ዘጋችው።